ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ምርጫም፣ ስለ ዶላር ምንዛሪም፣ ስለ ጦርነትም አልጽፍም። ስለ ታይ ቺ ነው። «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ታገሱኝ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ለአንድ ዓመት ከሰባት ወር የተኳረፍንበት ጉዳይም እዚሁ ውስጥ አለ።

ነገሩ የጀመረው በመውደቅ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር ብርድ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ካለው አፓርታማዬ ወደ ሥራ ስወጣ ደረጃው ላይ የተጋገረው በረዶ አንሸራተተኝና በጀርባዬ ተዘረርኩ። አጥንቴ አልተሰበረም። ግን 16 ዓመት ሙሉ መሪ ጨብጦ የኖረ ወገብ ሰበብ ሲፈልግ ኖሮ ነው መሰለኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አመፀ። ስምንት ሳምንት ፊዚዮቴራፒ ተመላለስኩ። በመጨረሻው ቀን ባለሙያው «እስቲ በአንድ እግርህ ቁም» አለኝ። አራት ሰከንድ አልሞላሁም። 51 ዓመቴ ነበር፤ ራሴን የምቆጥረው እንደ ጎረምሳ ነው።

«ታይ ቺ ተማር» አለኝ።

ሳቅኩ። ታይ ቺ ለእኔ ቻይናውያን ሽማግሌዎች ጠዋት ጠዋት መናፈሻ ውስጥ አየር የሚዳብሱበት ነገር ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። እ.ኤ.አ. በ2012 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» ላይ የወጣ ጥናት ነገረኝ። የፓርኪንሰን ሕመም ያለባቸው 195 ሰዎች በሦስት ተከፍለው ለስድስት ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ ሠሩ። አንዱ ቡድን ታይ ቺ፣ ሁለተኛው ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሦስተኛው ሰውነት ማፍታቻ። ሚዛን በመጠበቅ የታይ ቺዎቹ ከሁለቱም በለጡ። «አንተ ደግሞ ፓርኪንሰን የለብህም፤ ምን ያሳንፍሃል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንዲህ ሆኜ ነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈራችን ካለ አዳራሽ የሄድኩት። አስተማሪዋ የ71 ዓመት ቻይናዊት ናት። ቁመቷ ከደረቴ አይደርስም። ተማሪዎቹ «ላኦሺ» ይሏታል፤ መምህር ማለት ነው። እኔ በልቤ የኔታ እላታለሁ፣ ምክንያቱም ልክ እንደ የኔታ አንዱን ፊደል ሳታውቅ ወደ ሌላው አታሳልፍም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ያሳለፍነው መቆም እየተማርን ነው። በቃ፣ መቆም። ጉልበት ትንሽ ዕጥፍ፣ ወገብ ልቅ፣ ትከሻ ወደ ታች። ትከሻዬን እየነካች «አውርደው» ትለኛለች። አወርደዋለሁ። ዞር ስትል ተመልሶ ይወጣል። ምን ላድርግ፣ እኛ ትከሻን ያሠለጠንነው ለእስክስታ ነው እንጂ ለዝምታ አይደለም።

ከዚያ ፎርሙ መጣ። ፎርም ማለት ለብቻ የሚሠራው፣ እንቅስቃሴዎቹ በቅደም ተከተል የተያያዙበት ክፍል ነው። የተማርኩት ባለ 24ቱን ነው። ስሞቹ ደስ ይላሉ፦ የፈረስ ጋማ መክፈል፣ ነጭ ሽመላ ክንፉን ሲዘረጋ፣ እጅን እንደ ደመና ማንሳፈፍ፣ የድንቢጥን ጅራት መያዝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስድስት ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። ምስጢሩ እግር ላይ ነው። በማንኛውም ቅጽበት አንዱ እግር ሙሉ፣ ሌላው ባዶ መሆን አለበት። ክብደትህን ከቀኝ ወደ ግራ የምታሻግረው ውኃ ከአንድ እንስራ ወደ ሌላው እንደሚገለበጥ ነው፤ ሳትቸኩል፣ ሳታፈስ። ሁለቱም እግር ላይ እኩል ከተጫንክ ከባድ ትመስላለህ እንጂ፣ ማንም መጥቶ ቢነካህ መንቀሳቀሻ የለህም።

ስምንት ወር ፈጀብኝ። ግን ያዝኩት። ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ የምንጠብቅበት የመኪና ማቆሚያ አለ። እዚያ እኛ ሐበሾቹ ቴርሞስ ቡና ከፍተን፣ ኮፈን ተደግፈን፣ ሀገር ስናፈርስና ስንገነባ እንውላለን። እኔ ከመኪናዬ ጀርባ ዞር ብዬ ፎርሜን እሠራ ጀመር። «መጣ ከንፋስ ጋር የሚጣላው!» ይሉኛል። ከንፋስ ጋር እየተጣላሁም ቢሆን ወገቤ ተሻለው፤ በአንድ እግር አንድ ደቂቃ መቆም ቻልኩ፤ እንቅልፌም ተስተካከለ። ኩራት ቢጤ ገባኝ። «ታይ ቺ አውቃለሁ» ማለት ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ ላኦሺ እንዲህ እያልኩ ሰማችኝ። ፈገግ አለችና «አንተ ግማሹን ታውቃለህ» አለችኝ።

ታሪኩን ባጭሩ ላስገባው። ታይ ቺ በሔናን ክፍለ ሀገር፣ ቼንጂያጎው በምትባል መንደር የቼን ቤተሰብ የተዋጊነት ጥበብ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያንግ ሉቻን (1799–1872) የተባለ፣ ከቤተሰቡ ያልሆነ ሰው እዚያ ተምሮ ቤጂንግ ወሰደውና አስተማረ። በ1956 የቻይና መንግሥት የስፖርት ኮሚሽን የያንግን ስልት አሳጥሮ፣ ሕዝብ ለጤናው እንዲሠራው ባለ 24ቱን ፎርም አወጣ። በ2020 ዩኔስኮ በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ዛሬ በብዙ ሀገር መናፈሻ ውስጥ የምታዩት በአብዛኛው ይኸው ለብቻ የሚሠራው ክፍል ነው። ሌላው ግማሽ ግን ከፎርሙ እኩል አልተስፋፋም፤ ምክንያቱም ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ይህ ሌላው ግማሽ «ቱይ ሾው» ይባላል። በእኛ አፍ መገፋፋት እንበለው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። የእጃቸው አንጓ ከውጭ በኩል ይነካካል፤ ሌላው እጅ የባልደረባን ክርን በስሱ ይይዛል። ከዚያ ክብ ይሠራሉ። አንዱ ሲገፋ ሌላው ወገቡን አዙሮ ያሳልፈዋል፣ ተራው ሲደርስ እሱም ይገፋል። በቆመበት በሚሠራው ዓይነት እግሩን ከቦታው ያነሳ ተሸነፈ። ድብድብ አይደለም። ግን ቀልድም አይደለም።

የመጀመሪያ ቀን የገጠመችኝ ከማን ጋር መሰላችሁ? ጡረታ ከወጣ የ74 ዓመት ፖስተኛ ጋር። ከሲታ ነው። እኔ 94 ኪሎ ነኝ። «ሽማግሌውን እንዳልጎዳ» ብዬ በልቤ ጸለይኩ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ እግሬን አስነሳኝ። ሲገፋኝ ድርቅ ስል፣ ድርቀቴን ይዞ እንደ ግንድ አንከባለለኝ። እኔ ስገፋው ደግሞ የገፋሁት ቦታ ላይ አላገኘሁትም፤ ክፍት በር በትከሻው ሊሰብር እንደሮጠ ሰው ወደ ፊት ተንደረደርኩ።

ላኦሺ መጣችና ሁለት ጣቷን አንጓዬ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች። ገና እጄን ሳላነሳ «አሁን ልትገፋኝ ነው» አለችኝ። እውነትም ልገፋት ነበር። «ከእጅህ በፊት ትከሻህ ይናገራል» አለች። ቀጥላም ያለችኝን አልረሳውም፦ «አንተ ሰውየውን አልሰማኸውም። የሰማኸው ልታደርግ ያሰብከውን ነው።»

ይህን ችሎታ «ቲንግ ጂን» ይሉታል፤ የማድመጥ ኃይል። በጆሮ ሳይሆን በቆዳ ነው። የባልደረባህ ክብደት የትኛው እግሩ ላይ እንዳለ፣ የት እንደደረቀ፣ መቼ ሊመጣ እንደሆነ በመነካካት ማወቅ ማለት ነው። ፎርም ራስን ማወቂያ፣ መገፋፋት ሌላውን ማወቂያ ነው ይላሉ። የእኛ ሰው ደግሞ «ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም» ይላል። ስምንት ወር ሙሉ አንደኛ የወጣሁት ብቻዬን ስለሮጥኩ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በመገፋፋት ውስጥ አራት ስሕተቶች አሉ። ስማቸው ዲንግ፣ ካንግ፣ ዲውና ቢየን ነው። ላኦሺ በተራ በተራ እየሠራች አሳየችን።

ዲንግ ራስን ማስቀደም ነው። ሌላው ሳይጨርስ ግንባርህን አውጥተህ መግጠም፤ እንደ በሬ ቀንድ ለቀንድ።

ካንግ ማብዛት ነው። ለመጣብህ ኃይል ከሚገባው በላይ መመለስ። በአንድ ጣት ሲነኩህ በሙሉ ክንድህ መግፋት።

ዲው ንክኪውን መጣል ነው። ስትጨነቅ እጅህን ነቅለህ መሄድ። የዳንክ ይመስልሃል፤ ግን ከዚያ በኋላ ሰውየው ምን እንደሚያደርግ የምታውቅበት መንገድ የለህም። ታወርክ ማለት ነው።

ቢየን መድቀቅ ነው። ሲገፉህ እንደተነፈሰ ጎማ መተኛት። ከውጭ ሲታይ ትዕግሥት ይመስላል። ግን ደረትህ ድረስ አስገብተኸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማምለጫ የለህም።

ከእነዚህ መሐል ያለው ትክክለኛው ነገር «ፐንግ» ይባላል። የተነፋ ኳስ አስቡ። ስትጫኑት ይቀበላል፣ ግን አይደቅም። አይገፋችሁም፣ ግን እዚያው አለ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስነዳ እነዚህ አራት ቃላት ከጭንቅላቴ አልወጡም። ሌላ ነገር ሳይሆን እኛን ነው ያየሁት። የእኛን ክርክር። ሰው ርዕሱን ብቻ አይቶ ገና ሳያነብ ይገጥማል፤ ዲንግ። አንድ መስመር ለጻፈ ሰው አሥር አንቀጽ ስድብ ከእነ ዘር ማንዘሩ፤ ካንግ። ያልተስማማንን ብሎክ፤ ዲው። ከእኛ ወገን የሆነ ሰው የማናምንበትን ሲናገር አንገት መነቅነቅ፤ ቢየን። ይቺን የመጨረሻዋን እዚያ መኪና ማቆሚያ ቡና ይዤ ስንቴ እንዳደረግኋት እኔ አውቃለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ቻናልም የእኔ ፎርም ነው። ብቻዬን እጽፋለሁ፣ ብቻዬን አሳምራለሁ፣ «ልክ ብለሃል» ትሉኛላችሁ፣ ደስ ይለኛል። የሚነካኝ የለም።

አንድ የነካኝ ሰው ነበር። ታላቅ ወንድሜ።

አባታችን ሲሞት 12 ዓመቴ ነበር። ያሳደገኝ እሱ ነው። ዲቪ ሲደርሰኝ ሞተር ሳይክሉን ሸጦ የአውሮፕላን ቲኬት የቆረጠልኝም እሱ ነው። ስሙን ጠርቼው አላውቅም፤ ጋሼ ነው የምለው። አዲስ አበባ ከእማዬ ጋር ይኖራል። በፖለቲካው እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ነን። የትኛው በየትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ግማሻችሁ ከእሱ፣ ግማሻችሁ ከእኔ ጋር ትቆሙና ቀሪውን አታነቡትም።

እዚህ ቻናል ላይ የጻፍኩትን አንድ ጽሑፍ አንብቦ 11 ደቂቃ የፈጀ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሰማሁና አቆምኩት። «ገባኝ» አልኩ። ቁጭ ብዬ ከጽሑፌ የረዘመ መልስ ጻፍኩለት። እሱም አንዲት መስመር መለሰልኝ፦ «አንተ እዚያ ተቀምጠህ በእኛ ደም ትጽፋለህ።» ብሎክ አደረግኩት። ዲንግ፣ ካንግ፣ ዲው። በአንድ ምሽት ሦስቱንም።

ከዚያ በኋላ እማዬን የምደውልላት እሱ ሥራ በሚሆንበት ሰዓት ነበር። እሷ ሁሌ «ደህና ነኝ ልጄ» ነው የምትለው። እናቶቻችንን ታውቋቸዋላችሁ።

ባለፈው ኅዳር የሰፈራችን ሴት ልጇን ለመጠየቅ ወደዚህ መጥታ ሰው ቤት ተገናኘን። ሰላምታ ሳንጨርስ «እናትህ እጇ ተሻላት?» አለችኝ። የምን እጅ? እማዬ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ከተሰበረ ወር አልፎታል። እኔ አልሰማሁም። የሚነግረኝን ሰው ዘግቼዋለሁ።

ያን ሌሊት ብሎኩን አነሳሁ። ለመደወል ግን ድፍረት አጣሁ። የድሮ መልእክቶቻችንን ስመለከት ያ የ11 ደቂቃው ድምፅ እዚያው ተቀምጧል። ከመጀመሪያው ጀምሬ ከፈትኩት። ስድስት ደቂቃ ያህል ቁጣ ነው። ከዚያ ድምፁ ይወርዳል። «ደግሞ እማዬ ሰሞኑን እግሯ እየከዳት ነው» ይላል። «ሁለቴ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። እኔ ሥራ ስሆን ምን ይውጣት ይሆን? ለማን ልንገር? አንተ እንደሆንክ ትጽፋለህ።»

ወዳጆቼ፣ ይህ ሁሉ ለአንድ ዓመት ከሰባት ወር ስልኬ ውስጥ ነበር። ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ ነበር።

ለእኔ ስምንት ሳምንት ፊዚዮቴራፒ፣ ከዚያም አስተማሪ። ለእሷ ግን አንድ ቃል እንኳ አላሰብኩም። ወንበር ይዛ ክብደቷን ከእግር ወደ እግር ማሻገርን ያኔ ባስተምራት አትወድቅም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ያንን ማንም አያውቅም። ቢያንስ ግን ወንድሜ ብቻውን አይሆንም ነበር።

ደወልኩ። «ማን ልበል?» አለኝ፣ እያወቀኝ። «እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩት። ከዚያ ለ20 ደቂቃ ያህል እሱ ብቻ ተናገረ። ውስጤ መልስ ይፈላል። ያኔ ትከሻዬ ሲወጣ ተሰማኝ፤ የላኦሺ ጣት ያለበት ያህል። አወረድኩት። እንደገና ወጣ። እንደገና አወረድኩት። ፎርሙ ምን እንደሚሠራ የገባኝ ያኔ ነው፤ ትከሻህ ሲወጣ የምታውቀው ብቻህን ሺህ ጊዜ ስላወረድከው ነው። በመሐል ስለ እኔ እውነት ያልሆነ ነገር ተናገረ። ዝም ብል ቢየን ነው። «ይሄ እንኳን አይደለም ጋሼ፤ ሌላውን ቀጥል» አልኩት። ቀጠለ።

ከዚያ የሚገፋው ነገር እያለቀበት ሄደ። ትንሽ ዝም አለና «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። «ከሌሊቱ 9።» «ታዲያ አትተኛም እንዴ?» አለኝ። ታላቅ ወንድም ነውና።

በፖለቲካው እስካሁን አልተስማማንም። አንድም ነገር አልተስማማንም። ባለፈው ሳምንት እንኳ ድምፃችን ከፍ ብሎ እማዬ «ተዉ እንግዲህ» ብላናለች። ብሎክ ግን የለም።

ደግሞ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ጠመንጃ ይዞ የመጣን ሰው በታይ ቺ መልሱት እያልኩ አይደለም። መገፋፋት የሚሠራው ሁለቱም ደንቡን ተቀብለው ሲቆሙ ነው። ልጁን የቀበረ ሰው፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ትከሻውን እንዲያወርድ የምመክርበት አፍም የለኝም። የማወራው ስለ እኛ ነው፤ ስልክ ይዘን ርቀን ስለተቀመጥነው፣ የሚገፋን ሰው ብዙ ጊዜ ወንድማችን ስለሆነው።

ዜንግ ማንቺንግ የሚባል መምህር በ1960ዎቹ ኒውዮርክ መጥቶ አሜሪካውያንን ታይ ቺ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹን አጥብቆ የሚመክራቸው መሸነፍን እንዲለማመዱ ነበር። ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው ይደርቃል፣ የደረቀ ሰው አይሰማም፣ የማይሰማ ሰው አይማርም። እኔ አሁንም በዚያ ፖስተኛ እየተሸነፍኩ ነው። ድሮ ስድስት ጊዜ፣ አሁን አራት።

የእማዬ አንጓ ድኗል። ሐኪሟ ቀላል እንቅስቃሴ ፈቅዶላታል። እሑድ እሑድ በቪዲዮ እንገናኛለን። ጋሼ ፊት ለፊቷ ይቆማል፤ ክንዷ ክንዱ ላይ ያርፋል። እኔ ከዚህ ሆኜ «አሁን ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብለሽ፣ አሁን ወደ ግራ» እላለሁ። ባለፈው «በስተርጅና እስክስታ ታስተምሩኝ ጀመር?» ብላ ስትስቅ እግሯ ትንሽ ሸርተት አለ። ጋሼ ግን ቀድሞ ሰምቷት ነበር። ያዛት።

ሐሳባችሁን ከሥር ጻፉልኝ። የማትስማሙ በተለይ ጻፉ። እስከ መጨረሻው አነባለሁ።

ቸር ያሰንብተን።